የራሱን መስኮት የረሳው ባለሙያ

ያን ዕለት ጠዋት ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ፎቶኮፒ ቤቱ ውስጥ ማሽኑ እያጉረመረመ ወረቀት ይተፋል፤ ከማሽኑ ፊት ደግሞ የሠርጉን ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ቆሟል። ጃኬቱ ከስምንት ዓመት በፊት የተሰፋ ስለሆነ ሆዱ ላይ አልገጥም ብሎታል፤ መካከለኛው ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ልሂድ ልቅር እያለ ነው። ሰውዬው ዲፕሎማውንና የሥራ ልምድ ወረቀቶቹን ሁለት ሁለት ኮፒ አስነሥቶ አንድ በአንድ ወደ ክላሰር ይከታል። ፊቱን ላየው ግን ሥራ ሊገባ ሳይሆን ጥርሱን ሊያስነቅል የሚሄድ ይመስላል።

ሰውዬው ዌብሳይት ሠሪ ነው። አለቃ የለው፣ ቢሮ የለው፤ ላፕቶፑን ታቅፎ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰውን ሱቅ፣ የሰውን ክሊኒክ፣ የሰውን ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ላይ ሲያቆም የኖረ ባለሙያ ነው። የድሮ ሰፈሩ ሰዎች "ኔትዎርክ" ይሉታል። እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አዲስ ደንበኛ የሚባል ነገር ጠፋ። የቀሩት ሁለት የድሮ ደንበኞች ብቻ ናቸው፤ እነሱም "እዚህች ጋ ፎቶ ቀይርልን" ከማለት አያልፉም። ስለዚህ ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቶ የቅጥር ውል ሊፈርም ነው። ሥራው የሠራተኞችን የይለፍ ቃል ማደስ፣ የፕሪንተር ቀለም መቀየርና "ኮምፒውተሬ አልበራ አለ" ሲባል ሄዶ ሶኬቱን ማየት ነው። ክፉ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ውሉ በትርፍ ሰዓት እንኳ የግል ሥራ መሥራትን ይከለክላል። ዘጠኝ ዓመት የለፋበት ነገር በአንድ ፊርማ ሊያበቃ ነው።

"አንተ ኔትዎርክ! አለህ እንዴ?" የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

ዞር ሲል እትዬ ልብስ ሰፊዋ ናቸው፤ የድሮ ጎረቤቱ። ስድሳን ከተሻገሩ ቆይተዋል፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ፣ የልብስ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ እጃቸው ውስጥ ፕላስቲክ ሊያስለብሱት ያመጡት የልክ ካርድ። ከሰፈሩ ከለቀቀ ወዲህ አላያቸውም ነበር።

"እንዴት አደሩ እትዬ?"

"እኔማ ደህና ነኝ። ሕፃኑ እንዴት ነው?"

"የቱ ሕፃን?"

"የቱ ይለኛል እንዴ! የተወለደልህ ነዋ።"

"እትዬ፣ እኔ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። እሷም አሁን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ትነዳለች።"

"ከዚያ ወዲህ አልደገማችሁም?"

"ኧረ አልደገምንም!"

"ይገርማል" አሉ እትዬ፤ ከእግር እስከ ራሱም አዩት። ምን እንደገረማቸው ግን አልገባውም። ዓይናቸው ወርዶ ወርዶ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ፊታቸው ተለወጠ። "ምነው! ምነው! ይህን ጃኬት የሰፋሁት እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ ነዎት እትዬ።"

"የእጄን ሥራ እንዲህ አድርገህ በአደባባይ ይዘኸው ትዞራለህ? ና፣ ተከተለኝ! ሱቄ ማዶ ነው።"

"እትዬ፣ ቀጠሮ አለኝ፤ ውል ልፈርም—"

"በዚህ ቁልፍ ነው የምትፈርመው? ና ብዬሃለሁ!"

እምቢ የሚባሉ ሰው አልነበሩም። እጅጌውን ይዘው መንገዱን አሻገሩት።

የእትዬ ሱቅ ከመንገዱ ትይዩ፣ ሦስት ሰፊ እርምጃ የምታህል ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከሞቀ ካውያ የሚነሣ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ። መስኮቱ ላይ ሰው የምታክል የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ቆማለች፤ ሎሚ ቀለም ቀሚስ ለብሳለች፤ ወገቡ ጠበብ፣ እጅጌው ሰፋ ያለ፣ ገና ከመርፌ የወጣ። ዌብሳይት ሠሪው ጃኬቱን አውልቆ በሸሚዝ ቁጭ አለ። ከአምስት ዓመት በፊት የእትዬን ዌብሳይት የሠራው በዚህችው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ፎቶ እንዴት እንደሚቀየርም ያስተማራቸው እሱ ነው።

"አዲስ ቀሚስ ነው?" አለ ወደ መስኮቱ እያየ።

"የዚህ ሳምንት ነው። ሰኞ በመጣ ቁጥር የአሻንጉሊቷን ልብስ እቀይራለሁ፤ በዚያው ፎቶ አንሥቼ አንተ በሠራህልኝ ዌብሳይት ላይ አወጣዋለሁ። አንተው አይደለህ 'ያልታደሰ ገጽ የተዘጋ ሱቅ ይመስላል' እያልክ ስትጨቀጭቀኝ የነበርከው?" እትዬ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "የምን ውል ነው የምትፈርመው?"

ነገራቸው። ሲነግራቸው ድምፁ ዝቅ እያለ ሄደ። "ገበያው ሞቷል እትዬ" አለ በመጨረሻ። "ሰው ዌብሳይት ማሠራት ትቷል። ሦስት ዓመት ጠበቅሁ። ከእንግዲህ ምን ላድርግ?"

"ያንተስ መስኮት?"

"የቱ መስኮት?"

"የሠራኸውን የምታሳይበት፤ የራስህ ገጽ።"

"እሱማ አለ" አለ ችላ ብሎ። "ያው ተቀምጧል።"

"መቼ ነው የከፈትከው?"

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ገጽ ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል ሰው የራሱን ለማየት ልብ የለውም። ምግብ አብሳይ ማታ ቤቱ ሲገባ ቁራሽ ዳቦ በልቶ እንደሚተኛው ነው። እሱም ይህንኑ እንደ ኩራት ቆጥሮት መከራከር ጀመረ።

"እትዬ፣ የእኔ ሥራ ራሱ ይናገራል። በሠራሁት ዌብሳይት ሁሉ ግርጌ ስሜ ተጽፏል። የፈለገ ሰው አይቶ ይመጣል።"

"ራሱ ይናገራል?" እትዬ ጃኬቱን ብድግ አድርገው አራገፉት። "ይኸው፣ የእኔ ሥራ ሲናገር ስማው! ቁልፉ ወልቋል፣ ገበሩ ተተርትሯል፣ ኮሌታው ታጥፏል። ይህን አይቶ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው አለ? ስሰጥህ እኮ የሚያምር ጃኬት ነበር። ከእጄ ከወጣ በኋላ ግን አንተ እንደያዝከው ነው። የሠራህላቸው ሰዎችም እንደዚያው ናቸው፤ አንዱ ያበላሸዋል፣ አንዱ ይዘጋዋል፣ አንዱ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ያስቀይረዋል። እኔ የማዝበት መስኮቴ ላይ ብቻ ነው።"

ዌብሳይት ሠሪው ጃኬቱን አየው። ወዲያው ሌላ ምክንያት ፈለገ።

"እሺ ይሁን። ግን ራስን ማወደስ አይቀፍም? 'ይህን ሠራሁ፣ ያን ሠራሁ' እያሉ መደርደር ለእኔ አይሆንልኝም። ከእናቴ ቤትም እንዲህ አላደግሁም።"

"ማን አወድስ አለህ? እስቲ አሻንጉሊቷን ስማት፤ 'እትዬ ጎበዝ ናቸው፣ እትዬን የሚያህል የለም' እያለች ትጮኻለች? ቀሚሱን ለብሳ ቆማለች፤ በቃ። የወደደ ይገባል፣ ያልወደደ ያልፋል። ትሕትና እኮ ሥራህን መደበቅ አይደለም የኔ ልጅ። ሰው ችግሩን ይዞ ባለሙያ ፍለጋ ሲንከራተት አንተ ተደብቀህ ብትቀመጥ ማንን ጠቀምክ?"

"ጊዜስ? የሰው ሥራ ተደራርቦ—"

"አሁን ተደራርቦብሃል?"

ሳቀ፤ ሳይወድ ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቁም። መርፌውን ጃኬቱ ላይ ሰክተው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

"አንድ ነገር ልንገርህ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የታመመ ጊዜ እኔ ሱቅና ሐኪም ቤት ስመላለስ መስኮቱን ረሳሁት። አሻንጉሊቷ ወፍራም የብርድ ካፖርት እንደለበሰች ሙቀቱ ገባ። ሰዉ ላቡን እየጠረገ ያልፋል፣ እሷ ካፖርት ለብሳ ቆማለች። እኔ እኮ ከውስጥ እሠራ ነበር! መኪናዬ አንድ ቀን አላቆመም። ግን አዲስ ሰው አይገባም። እኔም እንዳንተ 'ገበያው ሞቷል' አልኩ። አንድ ቀን አንዲት የድሮ ደንበኛዬ ጥቁር ለብሳ፣ ቀስ ብላ እየረገጠች ገባች። ለካ እኔ የሞትኩ መስሏት ልጆቼን ልታጽናና መጥታ ኖሯል! እኔን ከመኪናው ኋላ ስታይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ያን ቀን ነው የገባኝ። የሞተው ገበያው አልነበረም፤ መስኮቴ ነው 'ሞታለች' እያለ ሲያወራብኝ የከረመው።"

"ግሩም ታሪክ ነው እትዬ። ግን የእኔ ሌላ ነው። የእኔ በእውነት ገበያው ነው።"

እዚህ ላይ እትዬ ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ገበያው ከሞተ የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ዛሬ ከምሳ በኋላ ምን ሊያደርግ ነው የሚሰበሰበው? ቀብር ሊወጣ ነው? አርባ ሁለት ሰፊ የሚታይበት ትልቅ ዌብሳይት የሚሠራልንን ሰው ልንመርጥ ነው እንጂ! እያንዳንዱ ሰፊ የየራሱ መስኮት የሚኖረው፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ልኩን የሚልክበት!"

ዌብሳይት ሠሪው ከወንበሩ ተነሣ። እንዲህ ያለውን ሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲመኘው ኖሯል፤ ደብተሩ ውስጥ ሥዕሉ ሳይቀር አለ። "እንዴ! እትዬ! ስሜን አይሰጡልኝም ነበር?"

"ሰጠሁ እንጂ! መጀመሪያ የጠራሁት ያንተን ስም ነው። አንድ ላይ ሆነን ገጽህን ከፈትን፤ ከዚያ ሰብሳቢያችን በእርሳስ ሰረዙህ።"

"ሥራዬ አልተወደደም?"

"ሥራህን ማን ደርሶበት! ራስህ እየው።"

እትዬ ከጠረጴዛው መሳቢያ ታብሌታቸውን አውጥተው፣ በጠመኔ በነጣ ጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ፊቱ አቆሙለት። የራሱ ገጽ ነው። ፎቶው ላይ ጸጉሩ ሙሉ ነው። ከፎቶው በላይ፣ በትልቅ ፊደል፣ በቢጫ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ተጽፏል፦

"ልጅ ስለተወለደልኝ ለጊዜው አዲስ ሥራ አልቀበልም። በቅርቡ እመለሳለሁ።"

ዌብሳይት ሠሪው አነበበው። ደግሞ አነበበው። ልጁ በተወለደች በማግሥቱ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ፣ ለሁለት ወር ብሎ ራሱ የጻፈው ነው። ሁለት ወሩ አለቀ፤ ወዲያው የቤት ለውጥ ተከተለ፤ ማስታወቂያው ከአእምሮው ጠፋ። ከገጹ ላይ ግን አልጠፋም።

"ወይኔ!" አለ፤ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ። "ወይኔ ጉዴ! ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዉን ከደጄ ስመልስ ኖሬያለሁ?"

"ቢያንስ አምስት ሰው እኔ ራሴ ልኬልሃለሁ። ሁሉም ተመልሰው 'ልጅ ተወልዶለት አይሠራም' ይሉኛል። እኔም 'ምን ያለ አባት ነው! እንዲህ ያለ ይባረክ' እላለሁ። በዓመቱ ሌላ ሰው እልካለሁ፤ አሁንም 'ልጅ ተወልዶለት' ይለኛል። ኧረ ይህ ሰው በየዓመቱ ነው እንዴ የሚወልደው ብዬ ለሚስትህ ማዘን ጀምሬ ነበር!"

ጮክ ብለው ሳቁ፤ እሱም እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከሳቁ መካከል ግን የእውነት እንባም ነበረበት። ገጹን ወደ ታች ሲያወርደው ሌላ ጉድ አገኘ። ስልክ ቁጥሩ ከሰፈሩ ሳይለቅ የነበረው የድሮው ነው። ከደረደራቸው ሥራዎች አንዱን ሲነካው በአበባ ሱቅ ፈንታ የቁማር ገጽ ተከፈተ፤ ሱቁ ከተዘጋ ቆይቶ አድራሻውን ሌላ ወስዶታል። ልጁ ከመወለዷ በፊት ባሉት ዓመታት የሠራቸው ምርጥ ምርጥ ሥራዎች ደግሞ አንዳቸውም የሉም።

"እትዬ" አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። "ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?"

"ከምሳ በኋላ ነው አልኩህ። እኔ ስምህን መልሼ ላነሣው እችላለሁ። ግን ይህንኑ ገጽ አሳይቼ አይደለም። እኔም መሳቂያ አልሆንልህም።"

ሰዓቱን አየ። መሥሪያ ቤቱ የሚጠብቀው ከምሳ በፊት ነው። ገጹን አድሶ ሁለቱንም ማድረስ አይቻልም። ቢፈርም ከእንግዲህ የግል ሥራ የለም፤ ባይፈርምና ማኅበሩ ባይመርጠው ሁለቱንም ያጣል። መጀመሪያ ለባለቤቱ ደወለ፤ የሆነውን ሁሉ እየተንተባተበ ነገራት።

"ያን ማስታወቂያ አላነሣኸውም?" አለች።

"አላነሣሁትም።"

"ሦስት ዓመት?"

"ሦስት ዓመት።"

"እግዜር ይይልህ!" አለችና መሳቅ ጀመረች። "የሚያቃጥልህን እያወቅሁ ፈርም ልልህ አልችልም። ሞክረው። ጃኬቱን ግን እንዳታጨማድደው፤ ለስብሰባው ያስፈልግሃል።"

ቀጥሎ ለመሥሪያ ቤቱ ደወለ። ሴትየዋ በትሕትና ሰማችውና "ዛሬ ካልመጡ ቀጣዩን ተወዳዳሪ እንጠራለን" አለችው። "ይጥሩ" አለ፤ "ስላስቸገርኩ ይቅርታ።" ስልኩን ዘጋ፤ ልቡ እንደ ልጅነቱ እየዘለለ ነው። ላፕቶፑን ከማይለየው ቦርሳው አወጣ። እትዬ የመቁረጫ ጠረጴዛውን በክንዳቸው ጠረጉለት፤ ቁራጭ ጨርቁና ጠመኔው ወለል ላይ ተበተነ።

"ሃያ አራት ሥራ አለኝ እትዬ። ሁሉንም—"

"ተው! እኔ መስኮቴ ላይ ሃያ አራት ቀሚስ እሰቅላለሁ? ሰው ግራ ይጋባል። አምስት ምረጥ። የምትኮራባቸውን፣ ደግሞም ነገ ቢጠየቁህ ደስ እያለህ ደግመህ የምትሠራቸውን።"

አምስት መረጠ። የመጀመሪያውን "ዘመናዊና ማራኪ ዌብሳይት" ብሎ ሲጽፍ እትዬ በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው አነበቡ።

"ይህ ምን ማለት ነው? እኔ 'ቆንጆ ቀሚስ' ብዬ ብለጥፍ ማን ይገባዋል? ማን ነው ያሠራህ? ምን ቸግሮት ነው የመጣው? አንተ ምን አደረግህለት? ከዚያስ ምን ተለወጠ? ይህን ንገረኝ፣ ለእኔ እንደምታወራው አድርገህ።"

"የጥርስ ሐኪም ናት" አለ ዌብሳይት ሠሪው። "ስልኳ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። የሰው ጥርስ እየሞላች በአንድ እጇ ስልክ ታነሣ ነበር። ሰው ራሱ ቀጠሮ የሚይዝበት ገጽ ሠራሁላት። አሁን ስልኩ ጸጥ ብሏል።"

"ይኸው! እንዲህ አድርገህ ጻፈው! እኔ አሁን ይህቺን ሐኪም ሳላያት አወቅኋት!"

ጻፈው። እንዲህ ሲጻፍ ራስን ማወደስ እንዳልሆነ፣ የሆነውን መናገር ብቻ እንደሆነ ያኔ ገባው፤ የቀፈፈው ነገርም ቀረ። የሰዉን ሥራ ከማውጣቱ በፊት ፈቃድ ለመጠየቅ ለየደንበኞቹ መደወል ጀመረ። ሐኪሟ ድምፁን ስትሰማ ጮኸች፤ "አንተ! ስልክህን አጥቼ ገጽህን ባየው አልሠራም ይላል! ሁለተኛ ቅርንጫፍ ከፍቻለሁ እኮ፤ ለእሱ ሌላ ሰው ልፈልግ ነበር!" አለችው። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ባለቤት ፈቀደ፤ ወንድሙም ዌብሳይት እንደሚፈልግ ነገረው። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው "ሥራ አቁመህ ውጭ አገር ሄደሃል ተብለን ነበር" አለ። ዌብሳይት ሠሪው ስልኩን በዘጋ ቁጥር ብድግ እያለ በጠባቧ ሱቅ ውስጥ ይዞራል፤ እትዬ ደግሞ "ተቀመጥ! ሰዓቱ እየሄደ ነው!" እያሉ መልሰው ያስቀምጡታል።

"ገበያው ሞቷል ነው ያልከኝ?" አሉት አንዴ፣ መርፌውን ከጃኬቱ እየነቀሉ።

"እኔ ነኝ ሞቻለሁ ብዬ የለጠፍኩት" አለ። ይህን ሲል አፍሮ አልነበረም፤ ደስ ብሎት ነው። የሞተን ገበያ ማዳን አይቻልም፤ የራስን ጥፋት ግን ከምሳ በፊት ማረም ይቻላል፤ እሱም ይህን ልዩነት ያን ሰዓት አጣጣመው።

የቁማሩን ሊንክ ነቀለ፤ ስልኩን አስተካከለ፤ ፀጉሩ የሳሳበትን የዛሬ ፊቱን እትዬ በመስኮቱ ብርሃን ፎቶ አነሡት። በመጨረሻ ቢጫውን ሣጥን ሊያጠፋ ጣቱን ሲያነሣ እትዬ እጁን ያዙት።

"አታጥፋው። ሦስት ዓመት ያነበበው ሰው አለ። ለእሱም እውነቱን ንገረው።"

አሰበ፤ ከዚያ ጻፈ። እትዬ አንብበው በሜትራቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጃኬቱን አለበሱት፤ ገበሩን ለቀቅ ስላደረጉለት ሆዱ ላይ ገጠመ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከአንድ የክር መደብር ጀርባ ባለች ክፍል ነው። አምስት ሰፊዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የወንዶች ሙሉ ልብስ ሰፊ፣ ነጭ ጢማም፣ ቃል የማያባክኑ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ታብሌቱን ፊታቸው አስቀመጡ።

"የሰረዝነው ሰውዬ አይደለም ይህ?" አሉ ሰብሳቢው።

"እስቲ ደግመው ይዩት" አሉ እትዬ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አስተካክለው ቢጫውን ሣጥን ጮክ ብለው አነበቡ፦ "ልጄ አድጋለች፤ ብስክሌትም ትነዳለች። አባቷ ማስታወቂያውን ማንሣት ረስቶ ነበር። ሥራ እቀበላለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ግን ጢማቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ወደ ታች እያወረዱ የጥርስ ሐኪሟን አነበቡ፤ የመለዋወጫ ነጋዴውን አነበቡ፤ ጊዜ ወስደው አምስቱንም አነበቡ። ከዚያ ከእትዬ ኋላ ወደ ቆመው ዌብሳይት ሠሪ ዞሩ።

"ይህን መቼ ጻፍከው?" አሉ።

"ዛሬ ጠዋት ነው ጌታዬ። አልዋሽዎትም፤ ሦስት ዓመት ረስቼው ነበር።"

"ታዲያ ከዛሬ ሦስት ዓመት በኋላ ስንከፍተው ይህንኑ ልናነብ ነው? የራሱን የረሳ ሰው የእኛን አርባ ሁለት መስኮት እንዴት ያስታውሳል?"

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ለዚህም ማስተባበያ አልፈለገለትም።

"ሰኞ ይክፈቱት ጌታዬ" አለ። "የሚቀጥለውንም ሰኞ፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም። ሦስት ሰኞ በተከታታይ አዲስ ነገር ካላገኙበት ስሜን በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ይሰርዙት።"

ሽማግሌው እትዬን አዩ። እትዬ ቀና ብለው አዩአቸው። ሰብሳቢው ከኪሳቸው ላጲስ አወጡና ዝርዝሩ ላይ ያለውን የእርሳስ ጭረት ቀስ ብለው አጠፉት።

"ሦስት ሰኞ" አሉ። "ከዚያ ውል እንፈራረማለን።"

እሱ በደስታ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ናጠው፤ አጥብቆ ስለናጠውም መነጽራቸው ወደቀ።

ሦስቱ ሰኞ አለፈ፤ ውሉም ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ እትዬ የአሻንጉሊቷን ልብስ በሚቀይሩበት ጠዋት እሱም ሻይው እስኪፈላ የራሱን ገጽ ይከፍታል። አንዳንድ ሰኞ አዲስ ሥራ ይጨምራል፤ አንዳንድ ሰኞ የሞተ ሊንክ ይነቅላል፤ የሚጨምረው ባይኖር እንኳ እንደ እንግዳ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ያነበዋል። ከሻይ ማፍያ የሚበልጥ ጊዜ ወስዶበት አያውቅም። ጥቅሙን ግን ለመናገር ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ቤቱ ሳይመጣ፣ ሳይደውል፣ ምን እንደሚችል አውቆ ስለሚመጣ ክርክሩ ቀነሰ፤ የማይሆነውም ሰው ከገጹ ላይ ስለሚመለስ የማንም ጊዜ አይባክንም። የሠራው ሥራ ገና ትኩስ ሳለ ስለሚጽፈው ምን እንዳደረገ አይረሳውም። የጥርስ ሐኪሟን ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲሠራም የመጀመሪያውን ጽሑፍ አንብቦ የቀረውን ጉድለት አገኘ። ከሁሉ የበለጠው ግን ሌላ ነው፤ ድሮ ሥራ ሲጠፋ "አልችልም ማለት ነው" እያለ ራሱን ይበላ ነበር። አሁን ግን የሠራው ፊቱ ተደርድሮ ያየዋል።

ከዓመት በኋላ ሥራው እውነትም ሞላ። የሰፊዎቹ ገጽ ሊጠናቀቅ ሲል ሌሎች ሁለት ማኅበራት መጡ፤ ምንም ማድረግ ስላልተቻለ ቢጫው ሣጥን መመለስ ግድ ሆነ። በዚህ ጊዜ ግን "ለጊዜው" እና "በቅርቡ" የሚሉትን ቃላት አልጻፋቸውም። "እስከ ሰኔ 30 ድረስ አዲስ ሥራ አልቀበልም" ብሎ ቀኑን በግልጽ ጻፈ። ከዚያም እትዬ ሱቅ ሄዶ ቀኑን ነገራቸው፤ እሳቸውም ከመቁረጫ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በጠመኔ ጻፉት።

በጠመኔ የተጻፈው ቀን ደርሶ ሲነጋ፣ ሻይው ገና እሳት ላይ ሳለ፣ ስልኩ ጮኸ።

"አንተ ኔትዎርክ!" አሉ እትዬ። "ሕፃኑ እንዴት ነው?"

"ቢጫውን ሣጥን አውርጄዋለሁ እትዬ!" አለ ከሳቁ ጋር እየታገለ። "አሁኑኑ አወረድኩት፤ ከፍተው ይዩት!"

"ከፍቼ አይቼ ነው የደወልኩት" አሉ እትዬ፤ "ጎሽ የኔ ልጅ!"